በፒያሳ ያሰፋነው የትምህርት ቤት ሰንደቅ ዓላማ

ልጄ በምትማርበት የጎንደር ትምህርት ቤት በየጠዋቱ ሰንደቅ ዓላማ ተሰቅሎ ብሔራዊ መዝሙር ከተዘመረ በኋላ፣ ተማሪዎቹ ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አገራቸውን በታማኝነት ለማገልገል በአንድ ድምፅ ቃል ይገባሉ። አምና ከአንድ ሱቅ የተገዛው ሰንደቅ ዓላማ ግን አንድ ክረምት እንኳ ሳይሻገር ቀዩ ነጥቶ፣ የታተመው ዓርማም ተላልጦ ነበር። ሕፃናት ቃል የሚገቡት በዚያ ፊት መሆኑ ስላሳዘነን፣ የወላጅና መምህራን ኅብረት አባላት ገንዘብ አዋጥተን ፒያሳ አካባቢ ለሚሠሩ አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ አዲስ አዘዝን።

ጋሼ ሥራቸውን በሚገባ ያውቃሉ። እኛ በነበረው ልክ እንዲሰፉልን ስንጠይቃቸው አሮጌውን ለክተው ማጠሩን አሳዩን፤ ርዝመቱ የወርዱ እጥፍ መሆን ስላለበት 90 በ180 ሴንቲ ሜትር አድርገው፣ ለእያንዳንዱ ቀለም 30 ሴንቲ ሜትር ደለደሉ። ዓርማውን በሁለቱም ገጽ የሰፉት ከምሰሶው ወዲያ ማዶ የሚሰለፉት ልጆችም እንዲያዩት ብለው ነው። ኮከቡን በቢጫ ክር ሲጠልፉ አጠገባቸው ነበርኩ፤ ከአምስቱ ጨረሮች አንዱ ከሌሎቹ አጥሮ ስላገኙት፣ ማንም ሳይነግራቸው ክሩን በምላጭ ፈትተው እንደገና ጠለፉት። ጠርዙም በድርብ ስፌት የተያዘ በመሆኑ የጠዋቱን ነፋስ እስካሁን ችሏል።

ቅር ያሰኘኝ መዘግየታቸው ነው። በጥቅምት የመጀመሪያው ሰኞ ለሚከበረው የሰንደቅ ዓላማ ቀን ያዘዝነው በሦስተኛው ቀን ስለደረሰ፣ በዓሉን በአሮጌው ለማክበር ተገደድን፤ ለሳምንታት ሲለማመዱ ለሰነበቱት ልጆች ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

አዲሱ በተሰቀለበት ሐሙስ፣ የሥነ ዜጋ መምህሯ ከመሰቀሉ በፊት በተማሪዎቹ ፊት ዘርግተው፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 3 መሠረት ዓርማው የብሔር ብሔረሰቦች፣ የሕዝቦችና የሃይማኖቶች በእኩልነትና በአንድነት የመኖር ተስፋ ምልክት መሆኑን አስረዱ። ሕፃን ልጅ ትርጉሙን ሳያውቅ በቃሉ የሚወጣው መሐላ ከአፉ እንደማያልፍ ስለማምን፣ ከስፌቱም በላይ ደስ ያሰኘኝ ይህ ነው። ልጄ ማታ እቤት ስትገባ የኮከቡን ጨረሮች በጣቷ ጠረጴዛው ላይ እየሣለች ቆጠረችልኝ።

ለበዓል የምታሰፉ ካላችሁ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት እዘዙ።