የሌንሴን ሻጋታ ለጠረጉልኝ ጋሼ

ካሜራ ያላችሁ ሰዎች ይህቺን አንብቡልኝ። የሌላችሁም ብታነቡ አይጎዳም።

የማታ ፎቶ ማንሳት እወዳለሁ። ያስለመደኝ ፊልም ይመስለኛል። ልጅ ሆኜ ቴሌቪዥን ሳይ ልቤን የሚወስደው የሌሊቱ ትዕይንት ነበር፤ እርጥብ አስፋልት፣ አንድ የመንገድ መብራት፣ ኮት የደረበ ሰውዬ። በኋላ የስብሐትን «ሌቱም አይነጋልኝ» ሳነብም ያው ሆነ። መጽሐፉን ጨርሼ ውቤ በረሃን በቀን ሄጄ አየሁት። ምንም የለም። ለካ ያ ሰፈር የማታ ነው።

ባለፈው ደመራ መስቀል አደባባይ ቆሜ ጧፍ የያዙ ሰዎችን ሳነሳ አመሸሁ። ቤት ገብቼ ስከፍተው እያንዳንዱ ጧፍ ጉም ለብሷል። ሰማዩም ግራጫ። ጭሱ ነው ብዬ አለፍኩት። በሳምንቱ የሰፈሬን መብራት ሳነሳ ግን ጭስ የለም፣ ጉሙ አለ። ቀን ያነሳሁት ሁሉ ደህና ነው።

አንድ ቦታ ወሰድኩት። ልጁ ሌንሱን ሳይፈታ «ብራዘር፣ ይሄ አልቆለታል፣ አዲስ ግዛ» አለኝ። አዲሱን የሚሸጠውም እሱ ነው፣ በነገራችን ላይ።

ጓደኛዬ ነው ወደ እኚህ ጋሼ የላከኝ። ሱቃቸው ፒያሳ ነበር። በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ ዕቃቸውን በሁለት ካርቶን ይዘው ወጡ፤ አሁን አራት ኪሎ አካባቢ አንዲት ጥግ ተከራይተዋል። ታፔላ የላቸውም።

ሌንሱን ተቀብለው በእጅ ባትሪ ከኋላ አበሩበት። «ና እይ።» መስታወቱ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ተዘርግቷል።

«ሻጋታ ነው። እንጀራ ላይ እንደሚወጣው። ክረምቱን የት አስቀመጥከው?»

ቦርሳ ውስጥ፣ ቦርሳው ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከሰኔ እስከ ጳጉሜን። ምን እላለሁ፣ ዝም አልኩ።

ቀን ብርሃኑ ከየቦታው ስለሚገባ ድሩ ብዙም አያስታውቅም አሉኝ። ማታ ግን ጨለማ መሃል ያለች አንዲት መብራት ስታገኘው ይበትናታል። ይህን የሚያስረዱኝ ካቻቪቴያቸውን እያሾሩ ነው። ብሎኖቹን ወረቀት ላይ በተራ እየደረደሩ አጠገባቸው በእርሳስ ቁጥር ይጽፋሉ። ጭናቸው ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፈዋል፤ ለንጽሕና መስሎኝ ነበር። ከሰሊጥ የማትበልጥ ብሎን አፈትልካ ስትወድቅ ጨርቁ ላይ አረፈች። ቀና እንኳ አላሉም።

የጧፉን ነገር ስነግራቸው ፊልም አነሱ። ስታንሊ ኩብሪክ «ባሪ ሊንደን»ን ሲሠራ የሻማ ትዕይንቶቹን የቀረጸው ዛይስ የተባለው የጀርመን ሌንስ አምራች ለናሳ ባመረተው ኤፍ 0.7 ሌንስ ነው። የኔ 1.8 ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን የሌንሱ ቀዳዳ ይሰፋል። ያኛው ከስድስት እጥፍ በላይ ብርሃን ያስገባል። «ለጧፍ ያንተም ይበቃል፣ ከተጠረገ» አሉኝ።

ገጥመው ሲጨርሱ እንደገና ባትሪውን አበሩ። ጠርዙ ላይ አንዲት ነጥብ አለች። «እዚች ጋ ሽፋኑን በልቶታል፣ አይለቅም። ፎቶህ ላይ ግን አታያትም።» ባይነግሩኝ አላውቅም ነበር። 1,200 ብር አሉኝ። 1,500 ሰጠኋቸው፣ መልሱን ቆጥረው መለሱልኝ። ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘዋን እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢትም ጨመሩልኝ፤ ክረምት ሲገባ ሌንሱን ክዳኑ ጥብቅ በሚል የምግብ ዕቃ ከእሷ ጋር ክተተው ብለው።

ማታ ያንኑ መብራት አነሳሁት። ትራይፖድ፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ) 11፣ 15 ሰከንድ። ሰማዩ ጥቁር፣ መብራቱ ኮከብ። ሌንሴ ቀዳዳውን የሚያጠብ 7 ቅጠል ስላለው የኮከቡ ጨረር እጥፉን መሆን አለበት። ቆጠርኩ፤ 14።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። ስማቸውን ልጻፍ ስላቸው «ሰው ይበዛብኛል» ብለው እምቢ አሉ። የፈለገ በውስጥ ይጻፍልኝ፣ ይዤው እሄዳለሁ። ከሰዓት በኋላ ብቻ ግን። ጠዋት ዓይኔ ደህና ነው ብለው ሥራቸው ላይ ናቸው፤ ማንንም አያናግሩም።