ኤስቢ7890 ከወራት አገልግሎት በኋላ፦ ማኔጀር የሌለው የኢንፊኒባንድ ስዊች ያዋጣል?

ለአንድ አነስተኛ የስሌት ክላስተር (ተባብረው ለሚያሰሉ ሰርቨሮች) ኢንፊኒባንድ በሚባለው ፈጣን የኔትወርክ ዓይነት የሚያገናኝ ስዊች ስገዛ ያማረጥኩት ሁለት የሜላኖክስ ሞዴሎችን ነበር፦ ኤስቢ7800ንና ኤስቢ7890ን። ቺፓቸው አንድ ነው። ሁለቱም 36 ፖርት አላቸው፤ በየፖርቱ 100 ጊጋቢት በሰከንድ ያስተላልፋሉ፤ መዘግየታቸውም 90 ናኖሰከንድ ገደማ ነው። 7800ው ግን የራሱ ፕሮሰሰርና ሰብኔት ማኔጀር (ኔትወርኩን የሚያስተዳድር ሶፍትዌር) ሲኖረው 7890ው የለውም፤ የሚረክሰውም ለዚህ ነው። እኔ ርካሹን ወሰድኩ፤ ዛሬም ብገዛ እሱኑ እወስዳለሁ።

ኤተርኔት የለመደ ሰው ኬብሉን ሰክቶ መብራት ካየ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ኢንፊኒባንድ እንደዚያ አይደለም። ለፖርቶቹ አድራሻ የሚያድልና መንገድ የሚያወጣ ሰብኔት ማኔጀር ከሌለ ፖርቱ «ኢኒሺያላይዚንግ» ላይ ቆሞ ይቀራል፤ ዴታ አያልፍም። ስለዚህ ኦፕንኤስኤም የተባለውን የሰብኔት ማኔጀር ሶፍትዌር ከባድ ስሌት በማይሠራባቸው ሁለት ሰርቨሮች ላይ ጫንኩ፤ ለዋናው ከፍ ያለ፣ ለተጠባባቂው ዝቅ ያለ ፕራዮሪቲ ሰጠሁ። በጥገና ቀን ዋናውን ሆን ብዬ ሳጠፋው ተጠባባቂው ተረከበ፤ እየሄደ የነበረው ስሌትም አልተቋረጠም። የመተላለፊያ ሰንጠረዡ የሚቀመጠው ስዊቹ ውስጥ ስለሆነ የተዘረጋው መንገድ ማኔጀሩ ባይኖርም ይሠራል። ጣጣው የሚመጣው ማኔጀር በሌለበት ሰዓት ሰርቨር ሪስታርት ሲደረግ ወይም ኬብል ሲነቀል ነው። ሁለተኛውን ማኔጀር ችላ አትበሉት!

ፍጥነቱ አላሳፈረኝም፤ ሰርቨሮቹ ላይ በተሰኩት የኮኔክትኤክስ-5 ኔትወርክ ካርዶች 97 ጊጋቢት ያህል አያለሁ። ካርዱ ግን በሰርቨሩ ውስጥ ባለ 16 መስመር ፒሲአይኢ (የካርድ መሰኪያ) ማስገቢያ ላይ መሆን አለበት። ፒሲአይኢ 3.0 ባለ 8 መስመር ከሆነ ከ63 ጊጋቢት በላይ ማለፍ አይችልም፤ ስዊቹን መውቀስ አያስፈልግም። ተራ የቲሲፒ ፕሮግራምም ይህን ፍጥነት አያገኝም፤ አርዲኤምኤ (ዴታን ከአንዱ ሰርቨር ሚሞሪ ወደ ሌላው በቀጥታ የሚያስተላልፍ ዘዴ) የሚጠቀም ሶፍትዌር ያስፈልጋል።

ብዙ ጊዜዬን የወሰደው ኬብል ነው። ያገለገሉ ሆነው ከገዛኋቸው አንዱ ሊንኩ ሳይወድቅ ስህተት ያከማች ነበር። በኤምፒአይ (ሰርቨሮች አንድን ስሌት ተከፋፍለው መልእክት እየተለዋወጡ በሚሠሩበት ዘዴ) ሥራ ሁሉም የሚጠብቀው ዘገምተኛውን ስለሆነ የአንድ ኬብል ሕመም መላውን ክላስተር ይጎትታል። አሁን የፖርቶቹን የስህተት ቆጣሪ የሚያሳየውን አይቢኩዌሪኤረርስ የተባለ ትእዛዝ በየሳምንቱ አስሄዳለሁ፤ የሲምቦል ስህተትና የሊንክ መውደቅ ቆጣሪው ከጨመረ ኬብሉን ወዲያው እቀይራለሁ።

ፋኑ ይጮኻል፤ ሰው በሚቀመጥበት ክፍል አይሆንም። የአየሩን አቅጣጫም ሳትጠይቁ አትግዙ፤ ፖርቶቹ በራኩ ኋላ የሚውሉ ከሆነ በፓወር ሳፕላዩ በኩል ስቦ በፖርቶቹ በኩል የሚያወጣው ነው የሚሆነው።

ስዊቾቻችሁ ብዙ ከሆኑ ወይም ሊኑክስ ላይ ኦፕንኤስኤምን የሚከታተል ሰው ከሌላችሁ ለ7800ው ጨምራችሁ ክፈሉ። 200 ጊጋቢት የሚሰጠውን ባለ 40 ፖርት ኪውኤም8700 የምትመኙ ደግሞ መጀመሪያ ሰርቨሮቻችሁ ፒሲአይኢ 4.0 መሆናቸውን እዩ።