ደሴና ኮምቦልቻ፦ ላረጡ እናቶች የሞከርናቸው ሦስት የፒላቴስና የሆድ ስፖርት አገልግሎቶች

ዕድሜያቸው ከ50 ያለፈ እናት፣ አክስት ወይም ታላቅ እህት ይዛችሁ ከውጭ አገር ወደ ደሴ የምትመጡ ከሆነ ይጠቅማችኋል ብለን ነው የጻፍነው። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሦስት አገልግሎት አየን፦ ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ ጂም የሚሰጠውን የሴቶች የጠዋት ክፍል፣ እዚያው ደሴ አንድ የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ቤት ድረስ የምትመጣ አሰልጣኝ። ሥራችን ፒላቴስ (ትንፋሽን እየተቆጣጠሩ በዝግታ የሆድና የጀርባ ጡንቻን የሚያጠነክሩበት ስፖርት) ማስተማር ነውና ያየነው በዋናነት እንቅስቃሴውን ነው።

ጂሙ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ለሴቶች ብቻ ይከፈታል። መጋረጃው ይዘጋል፣ ወንድ አይገባም፤ ሻሽና ሂጃብ አውልቆ በነፃነት መሥራት ይቻላል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙ እናቶች የሚመጡት በዚህ ምክንያት ነው። ምንጣፉ ግን ስስ ነው፣ ሥሩም ሲሚንቶ ነው፤ ሁለት ደርቡ ወይም ጋቢ አጥፋችሁ አንጥፉበት።

ቅር ያሰኘን ትምህርቱ ነው። ከ50 ደቂቃው ግማሹ ሲታፕ (በጀርባ ተኝቶ ወደ መቀመጥ መነሳት)፣ ጉልበት አቅፎ መንከባለልና ተቀምጦ የእግር ጣት መንካት ነበር። ለ20 ዓመት ልጅ ችግር የለውም። ላረጠች ሴት ግን አደጋ አለው። የወር አበባ 12 ወር ሙሉ ሳይታይ ሲቀር ማረጥ ይባላል፤ ኢስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን በመቀነሱ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አጥንት በፍጥነት ይሳሳል። ቀድሞ ከሚጎዱት አንዱ ውስጡ እንደ ስፖንጅ የሆነው የአከርካሪ አጥንት ነው። ጀርባ ጎብጦ ሲታጠፍ ጫናው የአጥንቱ የፊት ጠርዝ ላይ ያርፋል፤ የሚደቀቀውም እዚያ ነው። በ1984 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት የአጥንት መሳሳት ያለባቸውን 59 ያረጡ ሴቶች ተከታትሎ ነበር። ጀርባን ወደ ኋላ የሚያቀና እንቅስቃሴ ከሠሩት 16 በመቶዎቹ፣ ወደ ፊት የሚያጎብጥ ብቻ ከሠሩት ደግሞ 89 በመቶዎቹ አዲስ የአከርካሪ ጉዳት ታየባቸው። ጥናቱ ትንሽ ቢሆንም አሰልጣኝ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነው። የፒላቴስ ስልት መሥራች ጆሴፍ ፒላቴስ በ1945 እ.ኤ.አ. ካሳተማቸው 34 የምንጣፍ እንቅስቃሴዎችም ብዙዎቹ ጀርባን የሚያጎብጡ ስለሆኑ፣ «ፒላቴስ ነው» መባሉ ብቻ ደህንነትን አያረጋግጥም።

አሰልጣኟ ስንነግራት በደስታ ተቀብላ ቀየረችው። በምትኩ ያስገባነው ይህን ነው። በጀርባ ተኝቶ፣ ጉልበት አጥፎ፣ ከጭንቅላት ሥር 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የታጠፈ ፎጣ ማድረግ። በአፍንጫ ሲሳብ ጎድን ወደ ጎን ይሰፋል። በአፍ ለ5 ሰከንድ ሲወጣ ሽንትና ጋዝ እንደመያዝ አድርጎ የዳሌን ወለል (ፊኛንና ማህፀንን ከሥር የሚደግፉትን ጡንቻዎች) ወደ ላይ መሳብ፣ ከእምብርት በታች ያለውን ሆድ በቀስታ ወደ ውስጥ ማስገባት፤ ኃይሉ ከሙሉ አቅም ሲሶ ያህል ይበቃል። እንደዚያ ይዞ አንዱን እግር 10 ሴንቲ ሜትር አንስቶ መመለስ፣ በየእግሩ 8 ጊዜ። ሆድ እንደ ድፎ ዳቦ ወደ ላይ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ከታፈነ እንቅስቃሴው ከብዷል ማለት ነው፤ ግፊቱ ወደ ታች ወርዶ ሽንት እንዲያመልጥ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ቀጥሎ ዳሌን ማንሳት፦ 5 ሰከንድ ይዞ 10 ጊዜ፣ ክብደቱ አንገት ላይ ሳይሆን ትከሻ ላይ። ከዚያ በሆድ ተኝቶ፣ ግንባርን የታጠፈ ነጠላ ላይ አሳርፎ፣ ደረትን 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ማንሳት፣ 3 ሰከንድ፣ 8 ጊዜ። ዓይን ከወለሉ አይነሳ፤ ቀና ካሉ አንገት ያማል። መጨረሻ ላይ ግድግዳ ይዞ ተረከዝ ማንሳት 15 ጊዜ፣ በአንድ እግር መቆም 10 ሰከንድ።

ከወለል ዕቃ ሲያነሱ ከዳሌ መታጠፍን ለማስረዳት ወሎ ውስጥ ከሩኩዕ (በሶላት ላይ እጅን ጉልበት ላይ አድርጎ ማጎንበስ) የተሻለ ምሳሌ አናውቅም፦ ጀርባ ቀጥ ብሎ ዳሌ ወደ ኋላ ይሄዳል። ሰጋጆቹ እናቶች ወዲያው ገባቸው። 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፤ ጎብጦ ከሚነሳ በሁለት ባለ 10 ሊትር ቢከፈል ይሻላል።

ከሦስቱ የወደድነው ክሊኒኩን ነው። ፊዚዮቴራፒስቷ ምንጣፍ ከመዘርጋቷ በፊት ቁመት ለካች፣ መታወቂያ ላይ ካለው የድሮ ቁመት ጋር አስተያየች፤ 4 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ መቀነስ የተደቀቀ አከርካሪ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ማየት ይገባል። በቀላል መውደቅ የተሰበረ አጥንት እንዳለ፣ ስቴሮይድ የተባለ መድኃኒት (አጥንት ያሳሳል) ለረጅም ጊዜ ተወስዶ እንደሆነም ጠየቀች። ከዚያ በር ዘግታ ስለ ሽንት ማምለጥና ስለ ማህፀን መውረድ ጠየቀች። ጂም ውስጥ ይህ ጥያቄ አይነሳም፤ ወጣቶቹ አሰልጣኞች «እማማ» እያሉ እጅግ ያከብራሉና ማንሳቱ ነውር ይመስላቸዋል፣ እናቶቹም አይናገሩም። ስለዚህ ለብቻ ጠርታችሁ እናንተ ንገሩ። የሰጠችው ልምምድ ትክክለኛ ነው፦ የዳሌ ወለልን ስቦ እስከ 8 ሰከንድ መያዝ፣ ያን ያህል ጊዜ ማረፍ፣ 8 ጊዜ፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ቢያንስ ሦስት ወር። ብዙ ሴቶች መቀመጫቸውን ይጨብጣሉ ወይም ወደ ታች ያምጣሉ፤ ሁለቱም ስህተት ነው። ሽንት እየሸኑ መለማመድም አይገባም። የአጥንት ጥግግት ምርመራ ክሊኒኩ የለውም፤ ውጭ የተሠራ ውጤት ካለ ይዛችሁ ኑ።

የኮምቦልቻዋ አሰልጣኝ ሰዓት አክባሪ ናት። ፒላቴስ ብቻውን ለአጥንት በቂ ጫና እንደማይሰጥ ታውቃለች፤ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ 10 ጊዜ፣ የላስቲክ ባንድ መሳብ፣ ባለ 2 ሊትር የውሃ ጠርሙስ ማንሳት ጨምራለች። ባንዱን በር እጀታ ላይ ስታስር ግን በሩ መቆለፉን አረጋግጡ። አንድ የማይመች ልማድ አላት፦ ፕላንክ (በክንድና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት) አንድ ደቂቃ ሙሉ ታስይዛለች። ወገብ ከሰመጠ በኋላ ያለው ሰከንድ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም፤ እጅን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ 15 ሰከንድ ሦስት ጊዜ ይበቃል። ኮምቦልቻ ከደሴ በ600 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለና ሞቃት ስለሆነ፣ ድንገት ሙቀት እየመጣ ላብ የሚያሰምጣቸው ሴቶች ፀሐይ ሳይበረታ ቢሠሩ ይሻላል። ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናትና ከባሕር ጠረፍ ከተማ የሚመጡ የመጀመሪያዎቹን አራት ቀናት ድግግሞሹን በግማሽ ይቀንሱ።

ክፍያ በወር ሳይሆን በክፍለ ጊዜ ተነጋገሩ፤ ለቅሶና ሠርግ በበዛበት ቆይታ የወሩ አያዋጣም። ወፍራም ምንጣፍና ሁለት ባንድ ከውጭ ይዛችሁ ኑ፣ ስትሄዱም ለእናቶቹ ተዉላቸው።