ከውሻ ጋር ጣና ዳር ለማደር፦ ባሕር ዳር፣ ዘጌ ወይስ ጎርጎራ?

ስልክ ደውዬ «ውሻ ይዤ መምጣት እችላለሁ?» ስል ሴትዮዋ «ኧረ ምን ችግር አለው፣ ይምጣ!» አለችኝ። ባሕር ዳር ስንደርስ ጥበቃው ቡቺን ከእጄ ተቀብሎ በሩ ጥግ ወዳለች የቆርቆሮ ቤት ወሰደው። ከግቢው ውሻ ጎን መሆኑ ነው። እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሲጯጯሁ እንግዳውም እኔም እንቅልፍ ባይናችን ሳይዞር አደርን።

ለካ ጥያቄዬ ነው የተሳሳተው። እኛ አገር «ውሻ ይገባል» ሲባል ግቢ ይገባል ማለት ነው፤ ክፍል አይደለም። ስለዚህ ከዋጋው በፊት «የት ነው የሚያድረው?» በሉ። ቀጥሎ «የግቢው ውሻ ማታ ይፈታል?» መልሱን በቴክስት ይላኩላችሁ፤ በር ላይ ከመጨቃጨቅ ያድናል።

ባሕር ዳር ከተማው ውስጥ ያሉት የሐይቅ ዳር ማረፊያዎች ለመድረስ ይቀላሉ። ውሻው ቢታመም የእንስሳት ሐኪም ቅርብ ነው። ችግሩ ባጃጁና የመንገድ ውሻው ነው። የእብድ ውሻ ክትባቱን ሳታስከትቡ አትነሱ፣ ካርዱንም ያዙ። አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ጉማሬ አለ፤ ማታ ማታ ሳር ሊግጥ ይወጣል። ስለዚህ ከመሸ በኋላ በዚያ በኩል ሽርሽር የለም፣ ቀንም ከገመድ አትፍቱት። ከፍታ ለሚያምረው ቤዛዊት ኮረብታ አለ። ጃንሆይ ቤተ መንግሥት ያሠሩበት ነው፤ አባይ ከታች ሲጠማዘዝ ይታያል።

ዘጌ ውበቱ ሌላ ነው። ጫካው ቡና፣ መንገዱ ጥላ። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ በመኪናም ይኬዳል። ለውሻ ግን አይሆንም ባይ ነኝ። ሰው ዘጌ የሚሄደው ለገዳማቱ ነው፤ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን፣ አዝዋ ማርያምን ሊሳለም። «ቤተ ክርስቲያን እንደገባች ውሻ» የሚባለው ደግሞ በከንቱ አይደለም። አንዳችሁ ስትገቡ ሌላችሁ ውሻ ይዛችሁ ከአጥሩ ውጭ መቆማችሁ ነው። በዚያ ላይ ጦጣው! ቡቺ አንዷን አይቶ ሲፈተለክ ገመዱ ከእጄ አመለጠ፤ ደጅ የተሰጣ ቡና መሀል ገብቶ በተነው። ባለቤቷን እግሯ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። አብረን ለቀምን፤ ግማሽ ቀን ሄደ።

ጎርጎራ በሰሜኑ ዳርቻ ነው፤ ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር አለፍ ይላል። በ«ገበታ ለሀገር» የተሠራው ሪዞርት ከመጣ ወዲህ ስሙ ገኗል። ኮረብታ፣ ሐይቅ፣ ጸጥታ፤ ለውሻ የሚፈለገው ይኸው ነው። ግን ከባሕር ዳር በጎንደር ዞሮ መሄድ ቀን ይበላል፣ ሐኪምም ሩቅ ነው። የመንገዱን ሁኔታ ሳትጠይቁ አትውጡ። በክረምት ከሆነ ደግሞ ጭቃውን አስቡት፤ አንሶላ ላይ የሚወጣ ውሻ ካላችሁ ሂሳቡ የናንተው ነው።

እኔ ብሆን ለአንድ ሁለት ሌሊት ባሕር ዳርን፣ ከሦስት ሌሊት በላይ ከሆነ ጎርጎራን እመርጣለሁ። ዘጌን ቡቺን ለሰው አደራ ሰጥቼ ደርሶ መልስ።

በሁለተኛው ጉዞዬ ከተማው ውስጥ ሊሾ ወለል ያለው፣ በሩ በቀጥታ ወደ ግቢ የሚከፈት ክፍል አገኘሁ። ምንጣፉን ከቤት ይዤለት ሄድኩ። ማታ የማረፊያው እናት በሩን አንኳኩተው «ልጄ፣ ለእሱስ ብርድ ልብስ አያስፈልገውም?» አሉኝ።