«ባትማን አለበት?» «አለበት።» ሱሳይድ ስኳድን ልግዛ ወይስ አርካም ናይትን?

የእህቴ ልጅ ባትማን ሲባል ምግብ የሚያስረሳው ዓይነት ልጅ ነው። ልደቱ ሲደርስ ስታዲየም አካባቢ ካሉት የጌም ሱቆች ወደ አንዱ ጎራ አልኩ። «ባትማን ያለበት አዲስ ነገር አለህ?» አልኩት ሻጩን። «አለ እንጂ፣ ወንድሜ» ብሎ የሱሳይድ ስኳድን ሲዲ ከመደርደሪያው አወረደ። «እርግጠኛ ነህ ባትማን አለበት?» «አለበት።»

አልዋሸኝም። ባትማን አለበት። ነገር ግን እዚህ ጌም ላይ ተጫዋቹ የሚገድለው እሱን ነው። ስሙ ራሱ ጀስቲስ ሊግን (የነባትማንን ቡድን) ግደል ይላል። ሽፋኑን አንብቤ ቢሆን ኖሮ ይገባኝ ነበር።

ሁለቱን ጌሞች የሠራው አንድ ቤት መሆኑ ነው የሚያናድደው። ሮክስቴዲ የሚባል የለንደን ስቱዲዮ ነው። ባትማንን ራሳችሁ ሆናችሁ የምትጫወቱበት አርካም ናይት በ2015 ወጣ፤ ሱሳይድ ስኳድ በ2024 መጀመሪያ ላይ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው)። ዘጠኝ ዓመት ጠብቀን ያገኘነው ይህንን ነው። አሳታሚው ዋርነር እንኳ በዚህ ጌም የተነሳ የ200 ሚሊዮን ዶላር ኪሳራ መዝግቧል። እኔም የራሴን ትንሽ ኪሳራ መዝግቤያለሁ።

ልዩነቱን ጆይስቲኩን በያዛችሁ በአምስት ደቂቃ ውስጥ እጃችሁ ይነግራችኋል። አርካም ናይት ላይ ስምንት ዱርዬ ከቦ ይይዛችኋል። ካሬዋን ስትጫኑ ቡጢ ነው። ከአንዱ ጭንቅላት በላይ ምልክት ብልጭ ስትል ሦስት ማዕዘኗን ትጫናላችሁ፤ ባትማን ወደኋላ ሳያይ የሰውየውን እጅ ቀልቦ ይጠመዝዘዋል። ዝም ብላችሁ ካሬዋን ከቀጠቀጣችሁ ትደበደባላችሁ። ምቱን ከያዛችሁት ግን እንደ እስክስታ ነው፤ ትከሻ ራሱ ይሄዳል። የባትማን ከተማ ጎታም ላይ ከፎቅ ዘላችሁ ካባውን ስትዘረጉት፣ ዝናቡ ካባው ላይ ሲንኮለኮል፣ መንገዱ ላይ አርፋችሁ መኪናው ውስጥ ስትገቡ፣ ሁሉም ሳይቋረጥ ነው የሚሄደው። የአሥር ዓመት ጌም ነው ብሎ የሚያምናችሁ የለም።

ሱሳይድ ስኳድ ላይ የምትጫወቱባቸው አራት ወንጀለኞች አሉ፤ ሃርሊ ኩዊን፣ ዴድሾት፣ ካፒቴን ቡሜራንግ እና ኪንግ ሻርክ። አካሄዳቸው ይለያያል፤ አንዱ ይበራል፣ አንዷ በገመድ ትወነጨፋለች፣ ሻርኩ ይዘላል። እዚህ ድረስ ጥሩ። ግጥሚያው ሲጀመር ግን ሁሉም መሣሪያ አውጥተው ይተኩሳሉ። ሻርክ እኮ ነው፤ ያ ሁሉ ጥርስ እያለው መትረየስ ያስይዙታል። ጣራ ላይ ውጡ፣ ሐምራዊ እባጭ ያለበትን ጠላት ተኩሱ፣ መኪና አጅቡ፣ ሌላ ጣራ ላይ ውጡ። ታሪኩ ሲያልቅ ደግሞ የጠላቶቹ አለቃ ብሬኒያክ ከሌላ ዓለም 12 ተጨማሪ ብሬኒያኮች አሉት ተብሎ እንደገና ያስጀምሯችኋል። እንደ ጠዋት ታክሲ ነው፤ ተራው ደርሶህ ስትጠጋ «ሞልቷል» ትባላለህ።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ፊታቸው ላይ የተሠራው ሥራ ያስደንቃል። ሲያወሩ እውነተኛ ሰው ይመስላሉ፤ ቀልዳቸውም ያስቃል። ኬቨን ኮንሮይም አለበት፤ ለብዙ አሥርት ዓመታት የባትማን ድምፅ የነበረው ሰው። በ2022 ነው ያረፈው። ድምፁን ለእንዲህ ያለ መጨረሻ መስማት ለኔ ቢጤው አድናቂ ይከብዳል።

አርካም ናይትም ነቀፌታ አያጣም። መኪናውን ወደ ታንክ ቀይሮ መታኮስ አበዙት። ሙሉውን መጨረሻ ለማየት እንቆቅልሽ የሚወደውን ጠላት የሪድለርን 243 ፈተናዎች በሙሉ መጨረስ አለባችሁ፤ ይህ ቀልድ አይደለም። የኮምፒውተሩ ቅጂም በ2015 ሲወጣ ተበላሽቶ ስለነበር ሽያጩ ለወራት ቆሞ ነበር፤ በኋላ ግን ተስተካክሏል።

አሁን ወደ ኢንተርኔቱ። ለአዲስ አበባ ሰው ዋናው ይኼ ነው።

የልደቱ ቀን አራት ኪሎ እህቴ ቤት ነበርን። ዳቦው ተቆረሰ፣ ሲዲው ገባ፣ አንድ ሰዓት ያህል ተጫወተ። ከዚያ መብራት ሄደ። መብራቱ ተመልሶ መጣ፤ የዋይፋዩ ሳጥን ላይ ያለችው ቀይ መብራት ግን አረንጓዴ አልሆን አለች። ልጁ ጆይስቲኩን እንደያዘ ቁጭ አለ። ጌሙ መገናኘት አልቻልኩም ብሎ አላስገባም አለው። እህቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «ብቻውን እየተጫወተ ኢንተርኔት ለምን አስፈለገው?» አለች። ጌም ነክታ የማታውቅ ሴት ከብዙ ገምጋሚ የተሻለ ጥያቄ ጠየቀች። መልሱ፣ ጌሙ በየወራቱ አዲስ ምዕራፍና አዲስ ልብስ እየሸጠ እንዲኖር ታስቦ የተሠራ ሱቅ ስለሆነ ነው።

ከዚያ ወዲህ በ2024 ማብቂያ ላይ ያለ ኢንተርኔት መጫወት የሚያስችል አፕዴት አወጡ። ስለዚህ ዛሬ ሲዲውን ብትገዙ ቢያንስ አፕዴቱን ማውረድ አለባችሁ። ፓኬጃችሁን አስቡት። አርካም ናይት ሲዲውን አስገብታችሁ፣ ጭናችሁ፣ ራውተሩን ከግድግዳ ነቅላችሁ መጫወት ትችላላችሁ።

ኦንላይን እንግዛ ካላችሁም ፕሌስቴሽን ስቶር ኢትዮጵያን በአገሮች ዝርዝሩ ውስጥ አላስገባትም። የአሜሪካ አካውንት ከፍታችሁ፣ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ካርድ እስኪልክ መጠበቅ ነው። እኔ ለሲዲ ነኝ። ሲሰለቻችሁ ትቀይሩታላችሁ። ለዚህም ነው የሲዲ ማስገቢያ የሌለውን ፒኤስ 5 ርካሽ ነው ብላችሁ እንዳትወስዱ የምመክረው።

ማሽናችሁን እዩ። ሱሳይድ ስኳድ ፒኤስ 4 ላይ የለም። አርካም ናይት የፒኤስ 4 ሲዲ ነው፤ ፒኤስ 5 ላይም ይሠራል። ቤታችሁ ያለው ፒኤስ 3 ከሆነ አርካም ሲቲን ፈልጉ፤ የ2011 ነው፤ በታሪክ እንዲያውም ይበልጣል እላለሁ።

ዋጋን በተመለከተ፣ ሱሳይድ ስኳድ በ70 ዶላር ወጥቶ ዓመት ሳይሞላው ለፕሌስቴሽን ፕላስ (እየከፈሉ ለሚመዘገቡበት አገልግሎት) አባላት በነፃ ታድሏል። ሻጭ «አዲስ ነው» ብሎ ዋጋ ሲቆልልባችሁ ይህን አስታውሱት።

ሌሎቹን ባጭሩ። ጎታም ናይትስ (2022) ባትማን ሞቶ ደቀ መዛሙርቱ የሚዋጉበት ነው፤ ብቻችሁን ያለ ኢንተርኔት ይሄዳል፤ ኮንሶል ላይ ግን በሴኮንድ 30 ምስል ብቻ ስለሚያሳይ እንቅስቃሴው ይጎተትባችኋል። የማርቭል አቬንጀርስ (2020) የወጣቷ ጀግና የካማላ ካን ታሪክ ደስ ይላል፤ ከ2023 መስከረም ማለቂያ ጀምሮ ከኦንላይን ሱቅ ስለወጣ አሮጌ ሲዲ በርካሽ ካገኛችሁ ለታሪኩ ብቻ ውሰዱት። ለታዳጊ ከሆነ ግን ሳታወላውሉ ስፓይደርማን (2018)። አርካም ናይትም ሱሳይድ ስኳድም በአሜሪካ ምደባ 17 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ናቸው፤ ይህንን እኔም ዘግይቼ ነው ያየሁት፤ ለእህቴ አትንገሩብኝ።

«ለሁለት ይጫወታል?» የሚለውን ደግሞ ሁሉም ይጠይቃል። እስካሁን ከጠራኋቸው አንዱም በአንድ ቴሌቪዥን ለሁለት አይሆንም። ወንድማማቾች ካሉ ሌጎ ማርቭልን ወይም ኢንጀስቲስ 2ን ውሰዱ። ኢንጀስቲስ ላይ ባትማንና ሱፐርማን ፊት ለፊት ይቧቀሳሉ፤ የተሸነፈ ጆይስቲኩን ያስረክባል።

የኛ ሲዲ ወደ ሱቁ ተመለሰ። ሻጩ አዲሱን ተቀብሎ አሮጌውን አርካም ናይት አንድ ለአንድ ቀየረልን፤ መልስ ብጠይቀው «ወንድሜ፣ ይኼኛውኮ ተፈላጊ ነው» አለኝ። ባለፈው እሁድ እህቴ ቤት ስሄድ ልጁ ቀና ብሎም አላየኝም። «ጋሼ፣ ቆይ፣ ሪድለሩን» አለ። ከ243ቱ 61 ላይ ደርሷል።