ቲካ ወይስ ሲዜድ? ከዓመታት በኋላ የሁለት የአደን ጠመንጃዎች ንጽጽር

የአደን ጠመንጃ ሊገዛ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «የትኛው ነው በደንብ የሚመታው?» ብሎ ነው። ሁለቱም ይመታሉ። ዛሬ ከደህና ፋብሪካ የሚወጣ የአደን ጠመንጃ ከአብዛኞቻችን እጅ ይሻላል። ቲካ እንዲያውም በ100 ሜትር ሦስት ጥይት ሦስት ሳንቲ ሜትር ገደማ ውስጥ እንደሚያሳርፍ ዋስትና ይሰጣል። ልዩነቱ የሚታየው ቆይቶ ነው። ክረምት ሲደጋገምበት፣ ዕቃ ሲጎድል፣ ውርጭ ያደረበት ቦልት (ጥይቱን የሚያስገባውና የሚያስወጣው ተንሸራታች ብረት) ጠዋት ላይ ሲንቀራፈፍ።

የማወዳድረው ለዓመታት በእጄ የቆዩትን ሁለቱን ነው። አንዱ የፊንላንዱ ቲካ ቲ3ኤክስ፣ በ30-06 ካሊበር (የጥይቱ ልክና ዓይነት)። ሌላው የቼኩ ሲዜድ 550፣ በ375 ኤች ኤንድ ኤች። «ካሊበራቸው ሳይገናኝ ምን ያወዳድራቸዋል?» የሚል አይጠፋም። ግን ካዛንቺስ ቢሮ ድረስ መጥቶ የሚያማክረኝ ሰው የሚያመነታው በእነዚህ መካከል ነው። ቀላሉን ቲካ ይዞ አርሲና ባሌ ተራራ ይውጣ፣ ወይስ ከባዱን ሲዜድ ይዞ ቆላ ይውረድ?

ከዚህ በፊት ግን አንድ ነገር። የጦር መሣሪያ ፈቃድና የአደን ፈቃድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መሣሪያውን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። አደኑን የሚመለከተው ደግሞ የዱር እንስሳት ሕጉ ነው፣ ፈቃዱም ከዱር እንስሳት ባለሥልጣን ነው የሚመጣው። አንዱን መያዝ ሌላውን አይተካም። ወረቀቱ ሳያልቅ ቀብድ የሚከፍል ሰው አያለሁ። አትክፈሉ።

ማቀባበል ላይ

በእጅ የሚቀባበል ጠመንጃ ሁሉ ከሩቅ ሲታይ አንድ ነው። ማቀባበያውን ታነሳላችሁ፣ ትስባላችሁ፣ ትገፋላችሁ፣ ትዘጋላችሁ። ልዩነቱ ጥይቱን ማን ይዞ ያስገባዋል የሚለው ላይ ነው።

ሲዜድ 550 የማውዘር 98 ዘር ነው። ጀርመናዊው ፓውል ማውዘር እ.ኤ.አ. በ1898 ያወጣው አሠራር ዋና ነገሩን ይዞ እዚህ ደርሷል። ቦልቱ ጎን ላይ ረጅም የብረት ጥፍር አለው። ጥይቱ ከካዝናው (ጥይቶቹ ከሚደረደሩበት ሳጥን) ብቅ እንዳለ ጥፍሩ የቀለሁን ቂጥ ይይዛል። ከዚያ ወዲያ ቦልቱ ወደ ፊት ቢሄድም ወደ ኋላ ቢመለስም ጥይቱ የጥፍሩ እስረኛ ነው።

ይህ ለምን ይጠቅማል? ሰው ሲደነግጥ ማቀባበያውን እስከ መጨረሻው አይገፋም። ግማሽ መንገድ ገፍቶ መልሶ ይስባል። ሲዜድ ላይ ጥይቱ አብሮ ተመልሶ ይወጣል፣ ቀጣዩ ይገባል። ቲካ ላይ ግን ቦልቱ ጥይቱን ከኋላ ይገፋዋል እንጂ አልያዘውም። መንጠቆው ቀለሁን የሚነክሰው ቦልቱ ሲዘጋ ነው። በግማሽ ከተመለሰ የመጀመሪያው ጥይት በርሜል ውስጥ ይቀራል። ሁለተኛው ከኋላው መጥቶ ይላተማል። የቆሰለ ጎሽ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ እያለ ይህ የሚገጥመው ሰው መሆን አልፈልግም። ለድኩላ ከሆነ ግን ምን ችግር አለው? ድኩላው ሄደ፣ በቃ።

ስለዚህ የውጭ እንግዳ ይዞ ቆላ የሚወርድ፣ ነገር ቢበላሽ ከኋላ ቆሞ የሚሸፍን ባለሙያ አዳኝ ከሆናችሁ ውሳኔው እዚሁ ያልቃል። ሲዜድን ግዙ። ቲካ እንደሆነ በ375 አይመጣም። የቀረው ጽሑፍ ለሌሎቻችሁ ነው።

ልስላሴ ላይ ቲካ ሲዜድን ጥሎት ይሄዳል። ማቀባበያው የሚነሳው 70 ዲግሪ ብቻ ነው፣ የማውዘር ዘሮች 90 ይጠይቃሉ። ከካርቶን እንደወጣ ቦልቱ በቅቤ ላይ እንዳለ ነው የሚንሸራተተው። ሲዜድ አዲስ ሲሆን ይሻክራል። እየተሠራበት ሲሄድ ይለሰልሳል፣ አንዳንዱ ሰው ደግሞ ባለሙያ ይዞ ያስለሰልሰዋል። አሁን የእኔን የሚነካ ሰው ሻካራ ነበር ብለው አያምነኝም።

ፒያሳ ማኪያቶ አብረን የምንጠጣ አንድ ጋሼ አሉ። የቲካን ጥቁር የፕላስቲክ ሰደፍ ፎቶ ባሳየኋቸው ቁጥር ይስቃሉ። «አንተ ልጅ፣ ይሄ የሕፃን መጫወቻ ነው። ቤልጅግ ነው ጠመንጃ ማለት።» እሳቸው ቤልጅግ የሚሉት ከጣሊያን ወረራ በፊት ከቤልጅየሙ ኤፍኤን ፋብሪካ የመጣውን ነው። የክብር ዘበኛን ያሠለጠኑት የቤልጅየም መኮንኖች በነበሩበት ዘመን ማለት ነው። ያም ማውዘር 98 ነው። «እንግዲያው ጋሼ፣ የእርስዎ ቤልጅግ የሲዜድ አጎት ነው» ስላቸው ደስ አላቸው። ግን ቤልጅጉ ራሱ ዛሬ ለአደን ይገዛ ወይ ከተባለ መልሴ አይሆንም ነው። ስንት እጅ እንዳለፈ የማይታወቅ በርሜል፣ የማነጣጠሪያ መነጽር መግጠሚያ የሌለው አካል፣ ዕድሜው የማይታወቅ ጥይት። ግድግዳ ላይ ያምራል።

ትከሻና ተራራ

ቲካዬ ያለ መነጽር ሦስት ኪሎ አይሞላም። ሲዜዱ አራት ኪሎ አልፎ ትንሽ ይጨምራል። ወረቀት ላይ ሲጻፍ ምንም አይመስልም። የደጋ አጋዘን ፍለጋ ሙኔሳ ጫካ ውስጥ ሽቅብ ስትወጡ ግን ከሰዓት በኋላ እያንዳንዱ ግራም ይቆጠራል። አየሩም ስስ ነው፣ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ ብሎ የሚኩራራም ቢሆን ከ3000 ሜትር በላይ ያለከልካል።

ቅለት ግን ዋጋ አለው። ቀላል ጠመንጃ ይራገጣል። ቲካን በ30-06 መሸከም ይቻላል። በ300 ዊንቸስተር ማግነም ቀላሉን ሞዴል የገዙ ሰዎች ግን ቃታውን ሲስቡ ዓይናቸውን መጨፈን ይጀምራሉ። ዓይኑን የሚጨፍን ሰው ደግሞ ይስታል። ለእኛ አገር የደጋ አደን 30-06 ወይም 308 ይበቃል። 375ቱም ይራገጣል፣ ግን ጠመንጃው ራሱ ከባድ ስለሆነ በጥፊ ሳይሆን በመግፋት ነው።

ካሊበር ስትመርጡ ጥይቱን አስቡ። 30-06 የወጣው እ.ኤ.አ. በ1906 ነው፣ 375 ኤች ኤንድ ኤች በ1912። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተው ዛሬም ዓለም ሁሉ ያመርታቸዋል። በየዓመቱ አዲስ ስም ይዞ የሚወጣ ፋሽን ካሊበር ለአሜሪካ ገዢ ይሆን ይሆናል። እዚህ ጥይት በፈቃድ በሚገባበት አገር ሁለት ፓኮ አልቆበት ባዶ ብረት ታቅፎ የሚቀመጥ ሰው አለ።

ክረምቱ

አዲስ አበባ ላይ ጠመንጃ የሚበላሸው በአደን አይደለም። በተቀመጠበት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው እርጥበት ዝም ብሎ ይሠራል። ፒያሳ አካባቢ በድሮ ጭቃ ቤት ያደገ ሰው ቁም ሳጥን ውስጥ ያለ ኮት እንኳ እንዴት እንደሚሻግት ያውቃል።

የሲዜዱ ብረት በባህላዊው መንገድ የጠቆረ ነው። ያምራል፣ ግን እንክብካቤ ይፈልጋል። በላብ እጅ ነክታችሁት ሳትወለውሉ ብታስቀምጡት የጣታችሁን አሻራ በዝገት ይጽፍላችኋል። ቲካን በስቴይንለስ ማግኘት ይቻላል፣ የእኔም እሱ ነው። ስቴይንለስ አይዝግም ማለት አይደለም። ዘግይቶ ይዝጋል፣ ይቅር ባይ ነው።

ሰደፉም እንዲሁ። ሲዜድ ላይ ያለው ዋልነት ነው። እንጨት እርጥበት ይስባል፣ ያብጣል፣ ሲያብጥ በርሜሉን ሊነካ ይችላል። ያኔ ጥቅምት ላይ ያስተካከላችሁት ማነጣጠሪያ ሐምሌ ላይ ሌላ ቦታ ይመታል። መፈተኛው ቀላል ነው። የብር ኖት በበርሜሉና በሰደፉ መካከል አስገብታችሁ ወደ ኋላ ሳቡት። ቲካ ላይ ሳይነካ ያልፋል፣ ፕላስቲኩም ከወር ወር ያው ነው። እንጨት ላይ ከያዘ አናጺ ሳይሆን የጠመንጃ ባለሙያ ፈልጉ።

የትኛውንም ብትገዙ በቆዳ ማኅደር ወይም በስፖንጅ ሳጥን ውስጥ አታኑሩት። ሁለቱም ውሃ ያቁራሉ። ማኅደር ለመንገድ ነው። የሚቆለፍ የብረት ሳጥን፣ ውስጡ እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል፣ ጥይቱ በሌላ ቁልፍ። ቤት ውስጥ ልጆች ካሉ ደግሞ ይህ የምርጫ ጉዳይ አይደለም።

ዘይት ላይ የኛ ሰው ይበዛበታል። «ይጠጣ» ይላል፣ የሞተር ዘይት ያፈስበታል። ወፍራም ዘይት ባሌ ላይ በብርድ ይረጋል፣ መቺው መርፌ ይዘገያል፣ ጥይቱም አልነሳ ሊል ይችላል። ቀጭን የጠመንጃ ዘይት፣ በጨርቅ ታብሶ እስኪደርቅ። በርሜል ውስጥ የቀረ ዘይትም የመጀመሪያዋን ጥይት ወዳልታሰበ ቦታ ይወስዳታል። ከመውጣታችሁ በፊት በደረቅ ጨርቅ ወልውሉት።

መነጽሩን ከጠመንጃው ባላነሰ አስቡበት። ከአንድ ሱቅ የገዛሁት ርካሽ መነጽር የመጀመሪያው ካፊያ ላይ ውስጡ ጉም ሞላ። ሱቁ «እኛ የሸጥነው ደረቅ ነበር» አለኝ። ምን ይባላል።

ቃታና መጠበቂያ

ሲዜድ ቃታውን ወደ ፊት ገፋ ሲያደርጉት ቀጭ ብሎ በጣም ቀላል ይሆናል። ተደግፎ፣ ተረጋግቶ ለሚተኩስ ሰው ድንቅ ነው። እጁ በብርድ ለደነዘዘ ወይም ለሚጣደፍ ሰው ግን ሳይታሰብ ይተኩሳል። እኔ አልጠቀምበትም፣ በተራው መንገድ ነው የምስበው። ቲካ ይህ ነገር የለውም፣ ንጹሕ ሆኖ የሚስተካከል ቃታ ነው ያለው። ከሁለቱ ለጀማሪ የምሰጠው የቲካን ነው።

ቲካ ላይ የማልወደው መጠበቂያውን (ጠመንጃው ሳይታሰብ እንዳይተኩስ የሚያግደውን ቁልፍ) ነው። መጠበቂያው ሲያዝ ቦልቱንም ይቆልፋል። ይህ ጫካ ውስጥ ጥሩ ነው፣ ማቀባበያውን ቁጥቋጦ አይከፍተውም። የጎረሰውን ጥይት ለማውጣት ግን መጠበቂያውን መክፈት ግድ ነው። ማለትም ጠመንጃውን ባዶ ለማድረግ መጀመሪያ ለመተኮስ ዝግጁ ታደርጉታላችሁ። ስለዚህ አፈሙዙ ወዴት እንደዞረ ሳታዩ ወደ መኪና አትቅረቡ።

ስለ ቃታ ካነሳን፣ ዘመድ ከአሜሪካ «ሬሚንግተን 700 በርካሽ አገኘሁ» ብሎ የሚደውልላችሁ ብዙ ናችሁ። ጠመንጃው እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ የተመረተ፣ በጣም የተወደደ ነው። ግን ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ2014 ኤክስ-ማርክ ፕሮ የተባለ ቃታ ያላቸውን፣ ከግንቦት 2006 እስከ ሚያዝያ 2014 የተሠሩትን፣ ሳይሳብ ሊተኩስ ይችላል ብሎ ለጥገና ጠርቷል። ኩባንያው በ2020 ከስሮ ተከፋፍሎ ተሸጧል። የተሠራበትን ዘመንና የቃታውን ጥገና ሳታረጋግጡ እሺ አትበሉ።

ዕቃና አሮጌ ግዢ

ሲዜድ 550 ዛሬ ከፋብሪካ አይወጣም። እ.ኤ.አ. በ2021 ሲዜድ 600 የሚባል ሌላ አሠራር ያለው ጠመንጃ መጥቷል። ስለዚህ 550 ስትገዙ ያገለገለ ነው የምትገዙት። የመጀመሪያ ሥራችሁ ሰደፉን ከማቀባበያው ኋላ፣ አውራ ጣት የሚያርፍበት ጋ ማየት ይሁን። ከባድ ካሊበር ያለው የእንጨት ሰደፍ የሚሰነጠቀው እዚያ ነው። ፀጉር የምታህል መስመር ካያችሁ ዋጋ አውርዱ፣ ወይም ተዉት። ቀጥሎ ያ ረጅም ጥፍር ጫፉ እንዳልተሸረፈ እዩ። ሰዎች ጥይት በእጅ በርሜል ውስጥ ከትተው ቦልቱን በግድ ይዘጉበታል። ጥፍሩ የተሠራው ከካዝና የሚመጣን ጥይት ለመያዝ እንጂ ዘሎ ለመንከስ አይደለም።

ቲካ በተቃራኒው ገና እየተመረተ ነው። ቲ3 እ.ኤ.አ. በ2003 ወጣ፣ በ2016 በቲ3ኤክስ ተተካ። ያገለገለ ካገኛችሁና ዋጋው ከተቀራረበ ኤክሱን ውሰዱ። የቦልቱ መጨረሻ ፕላስቲክ የነበረው ብረት ሆኗል፣ ርግጫውን የሚቀበለው ቁራጭም ከአሉሚኒየም ወደ ብረት ተቀይሯል። የቀለህ መውጫውም ሰፍቷል፣ አንድ ጥይት በእጅ ማጉረስ ቀሎታል። ካዝናው ግን አሁንም ፕላስቲክና ተነቃይ ነው። ጠንካራ ነው፣ ችግሩ ጥንካሬው አይደለም። ሲዜድ ካዝናው ከሰውነቱ ጋር ስለሆነ አይጠፋም። የቲካው ግን ከኪስ ይወድቃል፣ መኪና ውስጥ ይረሳል፣ ያለ እሱ ደግሞ ጠመንጃችሁ አንድ አንድ ጥይት የሚጎርስ ይሆናል። ዋጋውም ለአንዲት የፕላስቲክ ሳጥን ይከብዳል። ቢሆንም ጠመንጃውን ስታስመጡ በዚያው ፈቃድና በዚያው ጭነት አንድ ትርፍ ካዝና አስጨምሩ። በኋላ ለብቻው ማስመጣት ከካዝናው ዋጋ በላይ ያስሮጣል።