የቡናው አልጋና የእኔ አልጋ፦ በኤሌክትሪክ ፒክአፕ ላይ ያሠራሁት መኝታ

ቁመቴ 1.78 ሜትር ነው፤ የፒክአፔ የጭነት ቦታ ደግሞ የኋላ ስፖንዳው ተዘግቶ 1.50 ሜትር። ይህችን 28 ሳንቲሜትር ለማሸነፍ 94,000 ብር ወጥቷል። ገንዘቡ የረባው ባላሰብኩት በኩል ስለሆነ፣ ተመሳሳይ ነገር ለማሠራት የምታስቡ ካላችሁ ከእኔ ስሕተት ተማሩ።

ሥራዬ የቡና ጥራት መከታተል ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ጅማ ቤት አለኝ ማለት ይከብዳል፤ በአጋሮ፣ በጌራና በሊሙ በኩል ካሉት መፈልፈያ ጣቢያዎች አንዱ ጋ ነው የማመሸው። እሸት ቡና ተለቅሞ የሚደርሰው አመሻሽ ላይ ነው። በዕለቱ ካልተፈለፈለ ጆንያው ውስጥ እንዳለ መፍላት ይጀምራል፤ ስለዚህ ማሽኑ እስከ እኩለ ሌሊት ይጮኻል፣ እኔም አጠገቡ እቆማለሁ። ከዚያ በኋላ በጨለማና በጭቃ ወደ ከተማ መመለስ የማይታሰብ ነው። ለዓመታት ያደርኩት በናፍጣ መኪና ጋቢና ውስጥ ጉልበቴን ወደ አገጬ ሰብስቤ ነበር። ሲበርደኝ ሞተር አስነሣለሁ፤ ጭሱን ስፈራ አጠፋለሁ፤ እንደዚያ ስል ይነጋል።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ድምፅ የሌላቸው መኪኖች እዚህም እየተለመዱ መጥተዋል። እኔም ቻይና ሠራሽ የሆነ ባለ አምስት መቀመጫ የኤሌክትሪክ ፒክአፕ ገዛሁ። ባትሪው 75 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል፤ በጭነት ቦታው ጎን ባለ 220 ቮልት ሶኬት አለው። የመኪናውን ስም አልጠራም፤ የምገመግመው መኪናውን ሳይሆን ጅማ ውስጥ በላዩ ላይ የተሠራልኝን ሥራ ነውና።

ከማሠራቴ በፊት አሜሪካኖቹ ምን እንዳደረጉ በኢንተርኔት አየሁ። የሪቪያን ፒክአፕ የጭነት ቦታ 1.37 ሜትር ብቻ መሆኑን ሳነብ ተጽናናሁ። የሼቭሮሌት ሲልቨራዶ የኤሌክትሪክ ሞዴል ግን አስቀናኝ፤ ከኋላ ወንበሩ ጀርባ ያለው ግድግዳ ይታጠፍና ጋቢናውና የጭነት ቦታው አንድ ክፍል ይሆናሉ። ስፖንዳው ተከፍቶ ማራዘሚያው ሲቆም ወለሉ 3.30 ሜትር ያህል ይረዝማል። እኔ እንደዚያ ያለ ግድግዳ የለኝም። የለኝም ብሎ መቀበል ግን ጊዜ ወሰደብኝ፤ በያጁ ቆርጦ ሊከፍትልኝ ዝግጁ ስለነበር መከልከል ያለብኝ እኔው ነበርኩ።

ስለ በያጁ እንጀምር። ጎበዝ ወጣት ነው፤ እጁ ፈጣን፣ ቀጠሮው ዘገምተኛ። «አሥር ቀን ይበቃኛል» ብሎ አንድ ወር ከአራት ቀን ወሰደ። የእሱ ድርሻ የጭነት ቦታውን የሚሸፍን የብረት ማዕቀፍ፣ በላዩ ላሜራ፣ በጎንና በጎን ደግሞ የሚጠቀለል ሸራ ነው። በመጀመሪያው ቀን መሰርሰሪያውን ሶኬት ላይ ሰክቶ፣ «ወለሉን በስቼ በብሎን ላስረው» አለኝ።

«መጀመሪያ ከሥር ግባና እይ» አልኩት።

ተንጋሎ ገባ። ትንሽ ዝም ካለ በኋላ፣ «ይህ ብርቱካናማ ወፍራም ገመድ ምንድን ነው?» ሲል ሰማሁት።

«ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደው ከፍተኛ ቮልቴጅ ነው።»

ወጣና ምንም ሳይናገር መሰርሰሪያውን ነቀለ። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ከጋቢናው ወለል በታች ነው የተነጠፈው፤ ገመዶቹም በዚያው በሥር ያልፋሉ። የት እንደሚያልፍ በማታውቁት ቦታ አንዲት ቀዳዳ እንኳ አታስበሱ፤ ብየዳውም መኪናው ላይ ሆኖ አይሠራ። የእኔ ማዕቀፍ ውጭ ተበይዶ፣ የጭነት ቦታውን ከንፈር በመቆንጠጫ ነክሶ ነው የቆመው። ቀለሙ እንዳይላጥ በመካከሉ የአሮጌ ጎማ ካላማዳሪ ተቆርጦ ገብቷል። ሦስት ወር በኮረኮንች ላይ ነድቼው አልተነቃነቀም፤ ይህን ለልጁ አልነፍገውም።

እንቅልፉ ግን ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያውን ሌሊት ስፖንጅ ፍራሼን ወለሉ ላይ አነጠፍኩ፤ ስፖንዳውን ከፍቼ እግሬን ወደ እሱ ዘረጋሁ፤ ሸራውን ዘጋሁና ተኛሁ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ግንባሬ ላይ የሆነ ነገር ጠብ አለ። ዝናብ መስሎኝ ነበር። ውጭ ግን ሰማዩ በኮከብ ተሞልቷል፤ የሚያንጠባጥበው የራሴ ትንፋሽ ነው፣ ቀዝቃዛው ላሜራ ላይ ወጥቶ ውኃ ሆኖ። ፍራሹን ስገለብጠው ሆዱ ርሷል። በሁለተኛው ሌሊት እውነተኛው ዝናብ መጣና በስፖንዳው ማጠፊያ ክፍተት ገብቶ ካልሲዬን አጠበልኝ።

ወደ አናጢው የሄድኩት ያን ጊዜ ነው። ባለ ሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ሲፈለፍሉ ያረጁ ሰው ናቸው። ዛሬ ዛሬ አብዛኛው ሥራቸው በር፣ መስኮትና የቡና ማድረቂያ አልጋ ነው። የመኪናውን ሆድ ዞር ዞር ብለው አዩና፦

«ልጄ፣ ቡና ሲሚንቶ ላይ አስጥተህ ታሳድራለህ?»

«አላሳድርም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ራስህን ላሜራ ላይ ለምን ታሰጣለህ?»

ለሃያ ዓመት ቡና ከታች ነፋስ ካላገኘ እንደሚሻግት ለሰው ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። አፍሬ ዝም አልኩ።

የሠሩት ነገር በአጭሩ የቡና አልጋ ነው። የዋንዛ ርብራብ፣ የእያንዳንዱ ጣውላ ስፋት 6 ሳንቲሜትር፣ በመካከሉ 3 ሳንቲሜትር ክፍተት፤ በላዩ ላይ ማድረቂያ ላይ የሚወጠረው ዓይነት የሽቦ ወንፊት፤ ከዚያ ፍራሹ። ርብራቡ ከወለሉ 28 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ የጎማ ሽፋኖቹን እብጠት አለፈ፤ በዚህም ምክንያት ሙሉው 1.40 ሜትር ስፋት ተገኘ። ከሥር ለመሣሪያና ለናሙና ከረጢት ቦታ ሆነ። የላሜራውን ጣሪያ ከውስጥ በአሮጌ የቡና ጆንያ አለበሱት፤ ጠብታው ቢፈጠርም ጆንያው ይጠጣዋል። ጠዋት ጎኑን ስትከፍቱት ይደርቃል። በአንድ በኩል ዝቅ ብሎ፣ በሌላው በኩል ከፍ ብሎ ሁለት መተንፈሻ ተከፍቶ አጎበር ተሰፋበት። ወደ ግልገል ጊቤ ግድብ ዝቅ ስትሉ ወባ ስላለ ይህን እንደ ቅንጦት አትቁጠሩት።

ርዝመቱንም እሳቸው ናቸው የፈቱት። 1.50 በ1.40 የሆነ አራት ማዕዘን ከጥግ እስከ ጥግ ከ2 ሜትር ትንሽ ያልፋል። ስፖንዳውን ሳልከፍት በሰያፍ ስተኛ እግሬ ጥጉን ሊነካ ምንም አይቀረው፤ ግን ይበቃል። ሁለት ሰው ከሆናችሁ ይህ ዘዴ አይሠራም፤ አንዳችሁ ጋቢና ትገባላችሁ።

ጋቢና የገባው ደግሞ ነው ዕድለኛው። ለእሱ የተሠራው ከሁሉም ትንሽ ነገር ነው፣ 6,000 ብር ብቻ የወጣበት። የፊት ተሳፋሪው ወንበር የራስ ትራሱ ተነቅሎ ወደ ኋላ ሲዘረጋ ከኋላው ወንበር ጋር ሊገጥም ይቃረባል፤ በመካከላቸው ግን ወገብ የሚውጥ ክፍተት ይቀራል። አናጢው እዚያ የሚቆም መደብ ሠሩ። ወለሉ ወጣ ገባ ስለሆነ አራት እግር ብንሰጠው ሲንቀጠቀጥ ያድር ነበር። እሳቸው ሦስት እግር ሰጡት። ባለ ሦስት እግር ነገር የትም ቢያስቀምጡት አይንገዳገድም፤ የጅማ በርጩማ ጥበቡ እዚህ ነው። በላዩ ስፖንጅ ለብሷል። ቀን ቀን አውጥቼ እቀመጥበታለሁ።

በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ጋቢና ውስጥ ማሞቂያውን 18 ላይ አድርጌ እተኛለሁ፤ ሞተር የለም፣ ጭስ የለም፣ አየሩ እየታደሰ ስለሚገባ መስኮቱም ብዙ አያልበውም። ስምንት ሰዓት ተኝቼ ባትሪው ከ64 በመቶ ወደ 57 ወረደ። አምስት ኪሎዋት ሰዓት ገደማ መሆኑ ነው፤ ከጅማ ሰቃ ጨቆርሳ የሚያደርስ ያህል። ከኋላ ያለው ውድ አልጋ ከዚህ ሁሉ ሙቀት አንድ ዲግሪ እንኳ አይደርሰውም፤ በመካከላቸው ያ የማይታጠፍ ግድግዳ አለ። በወቅቱ 31 ሌሊት መኪናዬ ውስጥ አድሬያለሁ፤ ከኋላ ዘጠኙን፣ ጋቢና ውስጥ ሃያ ሁለቱን። አብዛኛው ብር የፈሰሰው ግን ወደ ኋላ ነው፦ ለማዕቀፉና ለሸራው 58,000፣ ለርብራቡ፣ ለጆንያውና ለመተንፈሻው 21,000፣ ለፍራሽ 9,000።

ጋቢናውም እንከን አያጣም። ማሞቂያው እስካልጠፋ ድረስ የመሪው አጠገብ ስክሪን ይበራል፤ ሌሊቱን ሙሉ እንደ ጨረቃ ያፈጣል። ነጠላ አልብሼው ነው የምተኛው። መኪናው ትንሽ ካዘነበለ ደግሞ ሰውነት ወደ በሩ ይንሸራተታል። ግማሽ ድረስ ውኃ ያለባትን የፕላስቲክ ጠርሙስ መደቡ ላይ አጋድሜ ውኃዋ እስኪስተካከል ጎማ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ እጨምራለሁ። ጌራ ላይ ሜዳ ፈልጎ ማቆም ከዚህ ይበልጥ ያደክማል።

ስለ ሶኬቱ አንድ ነገር ልበል። ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የጣቢያው ጥበቃ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይመጣሉ። ባለ 1,000 ዋት ምድጃዬን ስፖንዳው ላይ አኑሬ፣ ገመዱን ከመኪናው ጎን ሰክቼ ጀበና ጥጄ ነው የሚያገኙኝ። የመጀመሪያው ቀን ከሰሉን ፈለጉ፤ ጎንበስ ብለው ከሥርም አዩ። «እንግዲህ መኪናው ነው የሚያፈላው በለኛ!» አሉና ሁለተኛውን ሲኒ ሳልጋብዛቸው ቀዱ። ሙሉ ጀበና ሲፈላ ከግማሽ ኪሎዋት ሰዓት አያልፍም። ሶኬት የሌለው ፒክአፕ ያላችሁ ደግሞ ብርዱን ሽሽት ከሰል ይዛችሁ ሸራው ውስጥ እንዳትገቡ፤ በከሰል ጭስ ተኝቶ የቀረ ሰው ያላየ ሰፈር የለም።

ለአናጢው ከአሥር ዘጠኝ እሰጣለሁ፤ አንዱን የቀነስኩት የርብራቡ ጠርዝ ሹል ሆኖ የጉልበቴን ቆዳ ስለላጠው ነው። ለበያጁ ስድስት። በሜዳማና በደረቅ አካባቢ የምትዞሩ፣ ወይም ሁለት ሆናችሁ የምትጓዙ ከሆነ የኋላው አልጋ ዋጋውን ያወጣል። እንደ እኔ ብቻችሁን በጅማ ዝናብ የምታድሩ ከሆነ ግን በቅድሚያ ጋቢናውን አሠሩ፤ ለኋላው ሽፋን ብር ለማውጣት አትቸኩሉ።

የስፖንዳው ማጠፊያ ክፍተት እስካሁን አልተደፈነም። መጪው ወቅት ሳይገባ እንዲሠራልኝ በያጁን ለነሐሴ ቀጥሬዋለሁ፤ አሥር ቀን ይበቃኛል ብሏል።